ኦቦ ባይሳ ልማትን አላደናቀፉትም

ልማት የሚባለውን ሰውዬ የጠላሁት ገና ሳላየው ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ሰሞን ሰበታ ውስጥ ስሙን የማያነሳ ሰው አልነበረም። አባቴ ከድሩ ሱቁ ውስጥ ባንኮኒውን ተደግፎ ከደንበኞቹ ጋር ስለ እሱ ያወራል፤ ሬዲዮው ስለ እሱ ያወራል፤ ርዕሰ መምህራችን የጠዋት ሰልፍ ላይ ስለ እሱ ያወራሉ። ልማት ይመጣል ይባላል። ልማት ቦታ ይፈልጋል ይባላል። ለልማት ተሰጠ ይባላል። ሰውዬው ግን አንድም ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። እኔ ከትንሽነቴ ጀምሮ ቱግ ባይ ነኝ፤ እናቴ ሰይዳ «ይቺን ልጅ በርበሬ ነው ያጠባኋት» ትል ነበር። ሳይታይ ሁሉን የሚፈልግ ሰው ደግሞ አልወድም። ይባስ ብሎ የፈለገው የእኛን ኮርቾች ነው።

የእኛ ስል የእኔና የጓደኛዬ የሌንሴ ማለቴ ነው። እንደ ደንቡ ከሆነ ዛፎቹ የአባቷ የኦቦ ባይሳ ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት የአባታቸው፣ ከዚያም በፊት የአያታቸው ነበሩ። የግቢያችን የኋላ አጥር ከእሳቸው መሬት ጋር ይዋሰናል። ከአጥሩ ማዶ የጤፍ ማሳቸው አለ፤ ከማሳው ዝቅ ብሎ ወንዝ አለ፤ በማሳውና በወንዙ መካከል ያ ደን አለ። ደን ስላችሁ የመናገሻን ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ላም ስትገባበት ጀርባዋ ከውጭ የሚታይ ነው። ጥቂት ወይራ፣ ጥቂት ጽድ፣ ወንዙ ዳር የፈረስ ዘንግ፣ ከሁሉም ብዙ ደግሞ ኮርች። ኮርች በበጋ ቅጠሉን ያራግፍና ቀይ አበባ ብቻ ተሸክሞ ይቆማል። ግንዱ እሾሃም ስለሆነ አይወጣም። እኔና ሌንሴ ሥሩ ቁጭ ብለን የረገፈውን አበባ እያነሳን ጫፉን እንመጥ ነበር። ጣፋጭ ናት፤ ግን ምላስ ሳትነካ ታልቃለች።

ከእኛ በላይ የሚመጠው ወፉ ነው። የመጽሐፍ ስሙን የሚያውቁ በዚያ ይጥሩት፤ እኛ ማር ጠጪ እንለው ነበር። አውራው ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስታገኘው ሐምራዊ ይሆናል፤ ዞር ሲል ደግሞ መዳብ። ምንቃሩ ቀጭንና ቆልመም ያለ ነው፤ አበባው ውስጥ እስከ ዓይኑ ድረስ ሰክቶ ይጠጣል። ሚስቱ አመድማ ናት፣ አታብለጨልጭም፤ ሥራውን የምትሠራው ግን እሷ ናት። በሣር፣ በዛፍ ሽበትና በሸረሪት ድር ጎጆዋን ሰፍታ እንደ ኪስ ከቅርንጫፍ ላይ ስታንጠለጥል እሱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል። ይህ ያናድደኝ ነበር። ኦቦ ባይሳ ግን የእሱም ሥራ ሥራ ነው ይሉኛል። ትልቁን ኮርች የራሱ አድርጎታል፤ ሌላ ማር ጠጪ አንዲት አበባ ሊቀምስ ከመጣ እስከ ወንዙ ድረስ ያሳድደዋል።

አንድ ቀን እናቲቱ ለጫጩቶቿ ሸረሪት ስታጎርስ አየሁና እየሮጥኩ ኦቦ ባይሳ ጋ ሄድኩ። ማር ጠጪ አልነበረችም እንዴ፣ ለልጆቿ እንዲህ ያለ ቆሻሻ የምታበላው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ድግር እየጠረቡ ነበር፤ ሳቁና «ማር ብቻ የጠጣ ልጅ አጥንት አያወጣም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ለሌንሴም ለእኔም አንድ ዓይነት አድርገው ነበር የሚሉት። ከዚያ የኮርቹ አበባ ሲያልቅ ወፉ ወደ ፈረስ ዘንጉ እንደሚወርድ፣ እሱም ሲያልቅ የባሕር ዛፍ አበባ ፍለጋ እንደሚሄድ፣ ኮርቹ ሲያብብ ግን ተመልሶ እዚያው ዛፍ ላይ እንደሚገኝ ነገሩኝ። እኔም ወፉን ይቅር አልኩት።

በታኅሣሥ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሜትር የያዙ ሰዎች ማሳው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ አገኘናቸው። አንዱ የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥሏል። ከእያንዳንዱ ኮርች ፊት ይቆምና ግንዱ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ያደርጋል። በደብተሬ ላይ ኤክስ የሚመጣው ስሳሳት ነው፤ ኮርቹ ምን ተሳሳተ ብዬ ደሜ ፈላ። ሌንሴ ለበዓል እያሳመሩት ነው አለች። ሰዎቹ ሲሄዱ አውራው ማር ጠጪ ወረደና ያልደረቀውን ቀለም በምንቃሩ ነካካው። አበባ መስሎታል። ራሱን አራገፈና ሌላውን ኤክስ ደግሞ ሞከረ። እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ዛሬ ሳስበው ግን አያስቀኝም።

ያን ቀን ከመግሪብ በኋላ ሱቅ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። እኔ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። የባይሳ መሬት ለልማት ተፈልጓል አለ አንዱ። አባዬ ልማት ከመጣ እኛም እንጠቀማለን፣ ሠራተኛውም ሹፌሩም ከዚሁ ነው የሚገዛው አለ። አባዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሱቁ ከሞላ ሁሉም ሰው ጠግቦ የሚያድር ይመስለዋል። ሌላኛው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ማስተር ፕላን ማውራት ጀመረ፤ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ሁሉንም ሊጠቀልል ነው አለ። እኔ የማውቀው ማስተር አንድ ብቻ ነው፤ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቴኳንዶ የሚያስተምረው። ስለዚህ ማስተር ፕላን የልማት ጠባቂ መሆን አለበት አልኩ። እንደዚያ ሁሉን የሚፈልግ ሰው ያለ ጠባቂ አይሄድም።

በማግስቱ ለሌንሴ ነገርኳት። እሷ ልማት የሚባል ሰው አታውቅም። በእነሱ ቤት መሬቱን የምትፈልገው ሚሶማ ናት፤ አባቷና እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሚሶማ ሲያወሩ ነው ያደሩት። ሁለታችንም ቁጭ ብለን አሰብን። ስሟ ራሱ ነገረን፤ ሚሶማ ሚስቱ ናት። ልማት ባል፣ ሚሶማ ሚስት፣ ማስተር ፕላን ጋርድ። ሚሶማ በኦሮምኛ ልማት ማለት እንደሆነ የሚነግረን ሰው አልነበረም። የሚገርመው፣ እኔ ኮርች የምለውን ዛፍ ሌንሴ ወለንሱ ትለዋለች፤ አንድ ዛፍ ሁለት ስም እንዳለው ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያን ያህል የሚፈራ ነገር ግን አንድ ብቻ ይሆናል ብለን አልጠረጠርንም። ሚሶማን ወፍራም፣ ወርቅ በወርቅ አደረግናት። ልማትን ጥቁር መነጽር አደረግንለት።

ከዚያ ኮት የለበሰ ሰውዬ ኦቦ ባይሳ ደጅ መምጣት አዘወተረ። ስሙን አላውቅም፤ ዛሬም ማወቅ አልፈልግም። በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሆኖ ሳለ ኦቦ ባይሳን አንተ ይላቸዋል። እኔ አንድ ቀን ተሳስቼ አንተ ብያቸው እናቴ በኩርኩም ብላኛለች፤ እሱን ግን የሚኮረኩመው ጠፋ። ልማት የሁላችንም ነው፣ ለልማት ሲባል ሁሉም መስዋዕት ይከፍላል እያለ ያወራል፤ ኦቦ ባይሳ ከበራቸው መቃን ላይ ሆነው ይሰሙታል። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ልማት ጥሩ ነው፣ አልጠላሁም። እኔ ግን በውስጡ የት ነኝ?»

ኮት ለባሹ ሰዓቱን አይቶ ሄደ። እኔ ልማት ሰው የሚበላ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ ኦቦ ባይሳ ሆዱ ውስጥ የት እንደሚሆኑ ነው የጠየቁት። ሌንሴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፣ ድንጋይ ነው የፈለግሁት።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ተናወጠ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ጅማ መንገድ ወጡ። ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ጥቁር ጭሱ እስከ ግቢያችን መጣና እናቴ ያጠበችውን ልብስ አበላሸ። አባዬ የሱቁን በር ግማሽ ያወርዳል፣ ግማሽ ያነሳል፣ ከዚያ ጨርሶ ያወርዳል። በቀዳዳው ሳይ ተማሪዎቹ ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ኤክስ አድርገው ያልፋሉ። ኮርቾቹ ላይ የተደረገውን ኤክስ ነው የሚያሳዩት! ከተማው በሙሉ ለእኔና ለሌንሴ ዛፎች የወጣ መሰለኝ። እኔም ከበሩ ኋላ እጄን አጣምሬ ከራሴ በላይ አነሳሁ፤ አባዬ ቀልቡ ተገፎ በአንድ እጁ አፌን በሌላው እጄን ያዘ። «ምን እያደረግሽ ነው? ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ዛፎቹ ብዬ መለስኩለት። ጭራሽ አልገባውም።

ለዓመታት በዚህ ነገር ሲሳቅብኝ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ያን ያህል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። እጃቸውን ካጣመሩት ልጆች ውስጥ ቤታቸው ወይም ማሳቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባባቸው ስንት እንደነበሩ ቆጥሮ የነገረኝ የለም።

ኦቦ ባይሳ ሰልፍ አልወጡም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ደኑ ውስጥ ከእሳቸው ጋር ነበርን። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ጥቂት ቀናቸው ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኮት ለባሹ ከፖሊሶችና የእንጨት መቁረጫ ከያዙ ሰዎች ጋር መጣ። መቁረጫው ሲነሳ እንደ ሞተር ብስክሌት ይጮኻል፤ አውራው ማር ጠጪ በጩኸቱ ተደናግጦ ትልቁ ኮርች አናት ላይ መዞር ጀመረ። ኦቦ ባይሳ ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ሄደው ትልቁ ኮርች ፊት ቆሙ። በቃ፣ ያደረጉት ይህንን ብቻ ነው። ዱላ አልያዙም፣ አልተሳደቡም፤ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ቆሙ። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ሄዱ፤ መቁረጫ የያዙትም ለዚያ ቀን ዛፎቹን ሳይነኩ ተመለሱ። አንድ እግር ጫማቸው ወልቆ እዚያው ቀረ፤ ሌንሴ አንስታ እየሮጠች ተከተለቻቸው፣ ግን አላስጠጓትም።

ምሽቱን ጎረቤቱ ሁሉ ተንሾካሾከ። ባይሳን ምን አደረገ ብለው ነው የያዙት ሲባል መልሱ አንድ ነበር፦ ልማት አደናቅፏል ተብሎ ነው።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም ደረቴ ውስጥ አገኘዋለሁ። ማደናቀፍ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ፤ ከክፍላችን አንድ ልጅ በእረፍት ሰዓት እግሩን ዘርግቶ እያደናቀፈን ጥርሴን ሰብሮኛል። ኦቦ ባይሳ ግን እግራቸውን አልዘረጉም! ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ደግሞ ልማት እዚያ አልነበረም። ኮት ለባሹ ነበረ፣ ፖሊሶቹ ነበሩ፣ መቁረጫ የያዙት ነበሩ፤ ልማት ግን አልመጣም። ያልመጣ ሰው እንዴት ይደናቀፋል? ለአባዬ ነገርኩት፤ ዝም በይ አለኝ። ለእማዬ ነገርኳት፤ ተኚ አለችኝ። እነዚህ ሰዎች እውነቱን እያወቁ ነው የተቀመጡት ብዬ በሁለቱም ተቀየምኩ።

በማግስቱ የኦቦ ባይሳ ሚስት አዴ የሺወርቅ ምግብ ይዘው ወደ ጣቢያ ሲሄዱ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ተመለሺ አሉኝ፤ አልተመለስኩም። እጃቸው ስለተያዘ የውሃውን ጀሪካን ተቀበልኳቸው። ጣቢያው በር ላይ ብዙ ሴቶች ምሳ ዕቃ ይዘው ቆመዋል፤ የመጣ ሰው ሁሉ ያመጣውን ምግብ ፖሊስ ፊት ቀምሶ ነው የሚያስገባው። አዴ የሺወርቅ ቀመሱ። እኔም ውሃውን ቅመሺ ተባልኩና ቀመስኩ። ከዚያ ለመመስከር መጥቻለሁ አልኩ።

በሩ ላይ የነበረው ሳጅን ወንዳፍራሽ የሚባል ነው፤ አባዬ ሱቅ ሲጋራ ስለሚገዛ አውቀዋለሁ። ስለ ምን ነው የምትመሰክሪው አለኝ።

«ኦቦ ባይሳ ልማትን አላደናቀፉትም። ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እግራቸውን አልዘረጉም። ልማት ራሱ እዚያ አልነበረም፣ ሚስቱም አልነበረችም» አልኩት።

ሳጅኑ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጓደኞቹን ጠራቸውና ድገሚላቸው አለኝ። ደገምኩ፤ የማይሰሙ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩ። ሳቁ ግቢውን ሞላው። አንዱ ዓይኑን እየጠረገ ግድግዳ ተደገፈ። ልማት ምን ይመስላል አለኝ ሌላው፤ ጥቁር መነጽር ያደርጋል አልኩት፤ እንደገና ሳቁ። አዴ የሺወርቅ ክንዴን ይዘው ይጎትቱኛል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የሳቁት ክሱ ሐሰት መሆኑ ስለገባቸው ነው ብዬ ነበር።

ያልሳቀው ኮት ለባሹ ብቻ ነው። ከውስጥ ወጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ። የማን ልጅ ነሽ አለኝ፤ የከድሩ አልኩ። ባለሱቁ? አዎ። ቤታችሁ የኋላ አጥሩ ከባይሳ ጋር ነው? አዎ። እንዲህ ብለሽ ተናገሪ ያለሽ ማን ነው? ማንም፤ ራሴ ነኝ። ማታ ማታ እናንተ ሱቅ ማን ማን ይመጣል? ሁሉም ሰው ይመጣል፤ ስለ ልማትና ስለ ማስተር ፕላን ያወራሉ። በጥሞና ሰማኝ፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከትልልቅ ሰዎች ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ እሱ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ጎበዝ ልጅ ብሎ ብስኩት አስገዛልኝ። ብስኩቱን ለሌንሴ አካፈልኳት።

ቤት ስደርስ አባዬ ሰምቶ ነበር። ሊመታኝ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ያን ምሽት ሱቅ አልከፈተም። እማዬ የእኔንና የእሱን ልብስ በሻንጣ አደረገች፤ አለም ገና አክስቴ ጋ ልንሄድ ነው ተባለ። ፈሪዎች ናቸው ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ግን የመሄዱ ነገር ቀረ፤ ኦቦ ባይሳ ተለቀቁ። እየነገርኳችሁ ያለሁት እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወቴ ያላየሁትን ደስታ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ በረርኩ። ኦቦ ባይሳ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው ብቅ ብሏል፣ አንድ እግራቸው ባዶ ነው። ፊታቸው ቆሜ፣ እኔ መስክሬልዎት ነው የወጡት አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት በጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«አዎ፣ ኢንተላ ኮ። አንቺ ነሽ ያስወጣሽኝ» አሉኝ።

መቁረጫዎቹ የመጡት በዚያው ዕለት ነው። ልማት ስለመሰከርኩበት እየተበቀለኝ ነው ብዬ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ኦቦ ባይሳ ዛፉ ፊት አልቆሙም፤ ከመቁረጫዎቹ ቀድመው ሄደው ጎጆዋ ያለችበትን ቅርንጫፍ በመጋዝ ቆርጠው እኛ አጥር ላይ አሰሩልን። ትልቁ ኮርች ሲወድቅ መሬቱ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። አበባው ማሳው ላይ ተበተነ፤ ሰዎቹ በቦቲ ጫማቸው ረገጡት። እናቲቱ ማር ጠጪ ጎጆዋን አጥሩ ላይ አግኝታ ሸረሪት እያመጣች አጎረሰች። አውራው ግን አልመጣም። ዛፉ የነበረበት ባዶ አየር ላይ፣ ልክ አናቱ በነበረበት ከፍታ፣ እየዞረ ይጮኽ ነበር። ሌላ ማር ጠጪ ሲያልፍ ደግሞ ያባርረዋል። አንዲት አበባ ለሌለችበት ቦታ!

ከጥቂት ቀን በኋላ ጎጆዋ ባዶ ሆና አገኘናት። ሌንሴ በረሩ አለች፤ እኔም አመንኳት። ጫጩቶቹ ገና ላባ እንዳልነበራቸው ዛሬ አውቃለሁ።

ጥር ላይ ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ አለ። አባዬ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ሰው ሱቃችን ደጅ ተሰብስቦ ተቃቀፈ። እኔ የልማት ጠባቂ የተባረረ መስሎኝ ጨፈርኩ። በዚያው ሰዓት ከአጥራችን ማዶ ሠራተኞች የተቆረጡትን ኮርቾች ኦሮማይ የሚባለው የጭነት መኪና ላይ ይጭናሉ፤ የአጥር ቆርቆሮም ያወርዳሉ። ማንም ሄዶ ተሰርዟል አላላቸውም። ብዙ ሰው የሞተበት ነገር በሬዲዮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ፤ የኦቦ ባይሳን መሬት ግን የሰረዘውን የሚሰርዝ አልተገኘም።

ያን ምስክርነቴን ለዓመታት በኩራት አወራሁት። መምህርነት ተምሬ ሰበታ ውስጥ የትንንሾቹን ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ በኋላም ለባልደረቦቼ አወራዋለሁ፤ ልማት ሰው መስሎኝ ነበር እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ግን ሰውዬው ተፈታ እላቸዋለሁ። እውነቱን የሰማሁት ባለፈው ጥር ነው። ሌንሴ ቡራዩ ልታገባ ነበርና ለድግሱ ሽንኩርት ልንከትፍ ተሰብስበናል። ያን የምስክርነቴን ቀን አነሳሁና ሴቶቹን አሳቅኋቸው። አዴ የሺወርቅ ብቻ አልሳቁም። ሁሉም ሲበተን፣ እጃቸውን ከሽንኩርቱ ሳያነሱ ነገሩኝ።

ኦቦ ባይሳ እስከዚያ ቀን ድረስ መሬቱን ለቅቄያለሁ ብለው እንዲፈርሙ ሲጠየቁ እንቢ እያሉ ነበር። ሲመቱም እንቢ ብለዋል። የታሰሩበት ክፍል መስኮት ወደ በሩ ነው፤ ድምፄን ሰምተዋል። ስጮኽ፣ ሲሳቅብኝ፣ ከዚያ ኮት ለባሹ አንድ በአንድ ሲጠይቀኝና አንድ በአንድ ስመልስ ሰምተዋል። ሰውዬው ከእኔ ዘንድ ተነስቶ ቀጥታ እሳቸው ጋ ገባ። የባለሱቁን ልጅ ማን እንደላካት ማጣራታችን አይቀርም፣ ሱቁ ውስጥ ማታ ማታ ምን እንደሚወራም ነግራናለች አላቸው። ኦቦ ባይሳ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ከድሩንና ልጁን እንዳትነኩ ብለው በፊርማ ፈንታ ለቀለሙ አውራ ጣታቸውን ሰጡ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ አይዞሽ፣ ልጅ ነበርሽ፣ አታውቂም ነበር ይለኛል። እኔ አይዞሽ አልፈልግም። ጥፋት የለብኝም፤ ይቅርታም የምለምነው የለም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ የተናገርኩትም ልክ ነው። ያ ሰውዬ የአንዲት ሕፃን እውነት ይዞ የአንድ ሽማግሌ አንገት ላይ አደረገው፤ ይህን ሲያደርግ ብስኩት ገዛልኝ። የሚያፍር ካለ እሱ ይፈር። ንዴቴን በጸጸት እንድቀይረው የሚመክሩኝ ሰዎች የማንን ዕዳ ማን ላይ እየጫኑ እንደሆነ ያስቡበት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ወደ ቆርቆሮው አጥር ሄድኩ። ውስጡ ዛሬም ባዶ ነው፤ አንድ ጡብ አልተደረበበትም። ሣር አለ፣ ሣሩ ውስጥ ጉቶዎች አሉ። በሩ ላይ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ኦቦ ባይሳ ናቸው። መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ሥራ ይሰጥሃል ብለዋቸው የሰጧቸው ይህንኑ ነው፤ የገዛ መሬታቸውን ለሌላ ሰው መጠበቅ።

አካም ጅርቱ አልኳቸው። አጎንብሰው ሰላም አሉኝና ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። አዴ የሺወርቅ ሁሉንም ነገሩኝ አልኳቸው። ለምን ዋሹኝ፣ ለምን ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ፊት ስኩራራ ዝም አሉኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የመጣሁት ላመሰግናቸው ነበር፤ ስደርስ ግን የወጣኝ ቁጣ ነው።

ኦቦ ባይሳ የካፖርታቸውን እጀታ ሰበሰቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ ያስወጣሽኝ አልኩሽ። ዋሸሁሽ?»

አልዋሹኝም ነበር። ካፖርቱ ሰፍቷቸዋል፤ ትከሻቸው ውስጡ ጠፍቷል። ከሰዓት በኋላው እስኪያልቅ ድረስ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ለማን እንደሆነ ሳናውቅ ያን ባዶ መሬት አብረን ጠበቅን።